ወረዳ ገብታችሁ ፕሮፖዛል ልትጽፉ ነው? እንግዲያውስ ስሙኝ

ሦስት ወር የተለማመድኩበት ወረዳ ከጣርማ በር ወደ መንዝ ሲገነጠሉ ያለ ደጋ ነው። ስሙን አልጠራም። ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ ሰው ባላሳፍር ይሻላል። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነበር። እኔ ያኔ የሶሲዮሎጂ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የትብብር ደብዳቤዬን ይዤ የካቲት 2017 መጀመሪያ ላይ ስገባ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው የዕቅድ ባለሙያ ደብዳቤውን አነበቡና «እንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ?» አሉኝ። «እሞክራለሁ» አልኩ። ከመሳቢያቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የፕሮፖዛል ጥሪ ነው፤ ለጋሽ «የድጋፍ ማመልከቻ ላኩልኝ» የሚልበት ማስታወቂያ። ቀኑ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ዘንድሮ ለልምምድ ወደ ወረዳ የምትወጡ ልጆች እየደወላችሁ «ምን ይዘን እንሂድ?» ትሉኛላችሁ። ጋቢ ያዙ። የቀረውን እነሆ።

መጀመሪያ ብሩ በየት በኩል እንደሚመጣ እወቁ

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ሁለት ሳምንት በከንቱ ሄደ።

የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለማህበራዊ ጉዳይ ሥራ ማስኬጃ ብሎ የሚተርፈው ወረቀትና ነዳጅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ አረጋውያንን ወይም አካል ጉዳተኞችን በደንብ ልደግፍ የሚል ጽሕፈት ቤት የውጭ ገንዘብ ይፈልጋል። ይሄ ገንዘብ የሚመጣበትን መንገድ የፋይናንስ ሰዎች «ቻናል» ይሉታል። ቻናል 1 ከገንዘብ ሚኒስቴር ተነስቶ በክልሉ ገንዘብ ቢሮ በኩል ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። ከ1997 ጀምሮ ያለው ልማታዊ ሴፍቲኔት በዚህ ነው የሚወርደው። ቻናል 2 ከዘርፍ ሚኒስቴሩ ወደ ዘርፍ ቢሮው ይሄዳል። ቻናል 3 ደግሞ የመንግሥትን ካዝና ሳይነካ፣ ለጋሹ ራሱ ወይም አንድ ድርጅት ይዞት የሚመጣ ነው። አንድ ተለማማጅ የሚጽፈው ፕሮፖዛል ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቻናል 3 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ጥሪዎች የወረዳ ጽሕፈት ቤትን አመልካች አድርገው አይቀበሉም። አመልካቹ የተመዘገበ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት መሆን አለበት። ወረዳው አጋር ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ጥሪ ስታገኙ ገና ከመነሻው «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ክፍል አንብቡ። ስንት ብር እንደሚሰጡ በኋላ ታዩታላችሁ። ድርጅት ስትፈልጉ ደግሞ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ 1113/2011ን ቢያንስ አንዴ አገላብጡት። አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው እዚያ ነው። አጋራችን ሊሆን የነበረ ድርጅት የላከልን ረቂቅ በጀት ላይ ይሄ ነገር አልፎ ነበር። ጋሼ በካልኩሌተር ደምረው ነው ያገኙት።

ወረዳ ራሱ የሚያመለክትበት መንገድም አለ። ለምሳሌ የጃፓን ኤምባሲ ለታችኛው ማህበረሰብ የሚሰጠው አነስተኛ የፕሮጀክት ድጋፍ የአካባቢ መንግሥታትንም ይቀበላል።  የሚያየው ግን ግንባታና ዕቃ ነው። ደመወዝና ውሎ አበል አይከፍልም። አንድ የተማሪዎች መማሪያ ብሎክ ወይም የውኃ ነጥብ ከሆነ ሐሳባችሁ ተስማሚ ነው። የእኛ ሐሳብ ለአረጋውያን በግ መስጠት ስለነበረ አልሆነም።

እኔ የገባሁት ደግሞ በክፉ ጊዜ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አቁማ ነበር። ወረዳው ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት የፕሮጀክት ሠራተኞች ወንበራቸውን ለቀው ሄደዋል። አንደኛው ወንበር ለኔ ደረሰኝ። ለጋሽ ሲያንስ ለቀሩት ጥሪዎች የሚወዳደረው ይበዛል፤ ዘንድሮም የምትገቡት እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነው።

መዝገቡን አትመኑት

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ንባብ ነው። የወረዳውን ዓመታዊ ዕቅድ፣ የቀበሌ ሪፖርቶችን፣ በኅዳር 2007 የጸደቀውን የማህበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ አንብቡ። ፖሊሲው ረጅም ነው። ግን ለጋሽ «ከአገሪቱ ፖሊሲ ጋር ይጣጣማል ወይ» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ከዚያ ታገኙታላችሁ። ይህንን ቶሎ ጨርሱት። ዋናው ሥራ ቀጥሎ ነው።

ጠባቂ የሌላቸው አረጋውያን የሚል ጥቁር መዝገብ ነበር። አራት ቀበሌ፣ 214 ሰው። እኔም ደስ አለኝ፤ ቁጥሩን ይዤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሲያዩኝ «ይሄ መዝገብ እኮ ከኮቪድ በፊት የተጻፈ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» «ውረጂ።»

ወረድኩ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ የነበረበት ወቅት ነው። በተከፈተበት ቀን ከቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር እየሄድኩ ስም እየጠራን አጣራን። 19 ሰዎች ዐርፈዋል። 9ኙ ልጆቻቸው ወስደዋቸዋል፤ ገሚሱ ደብረ ብርሃን፣ ገሚሱ አዲስ አበባ። 15ቱ ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል። አንዴ በክርስትና ስም፣ አንዴ በዓለም ስም! ወለተ ማርያም ተብለው አንድ ገጽ ላይ፣ በሰፈር ስማቸው ሌላ ገጽ ላይ። የቀረው 171 ሆነ። ከነዚያ 64ቱ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም መሥራት ለማይችል ሰው ያለ ሥራ የሚሰጠውን፣ ያገኛሉ። ምንም የማይደርሳቸው 107 ናቸው።

ከ214 ወደ 107 ሲወርድ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያኮረፉ ነበሩ። «ቁጥሩ ካነሰ ብሩም ያንሳል» አለ አንዱ። ስህተት ነው። ገምጋሚ ባለሙያ ጠያቂ ነው። «ሴፍቲኔት ያለበት ወረዳ ላይ እነዚህ ሰዎች ለምን ቀሩ?» ማለቱ አይቀርም። 107 ብሎ የቀሩበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ያስረዳ፣ 214 ብሎ ዝም ካለው ይበልጣል። እኔ ምክንያቱን ያገኘሁት ቤት ለቤት ስሄድ ነው። ብዙዎቹ ልጅ አላቸው ተብለው የተሰረዙ ናቸው። ልጁ አለ፤ ሳዑዲ ነው፤ ከሄደ ድምፁ አልተሰማም።

ከመዝገቡ ሌላ የዕድር ዳኞችን ጠይቁ። በማን ቤት እሳት እንደሚነድ፣ በማን ቤት እንደማይነድ ከቀበሌ ሊቀመንበር ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ቃሉን ከሰዎቹ አፍ ውሰዱ

ይሄን ክፍል ካልወደዳችሁት ሌላውንም ተዉት።

ሐሳባችን ለአቅመ ደካማ አረጋውያን ሴት በግ መስጠት፣ ግልገሉን ደግሞ ለቀጣዩ ቤተሰብ ማስተላለፍ ነበር። እኔ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ፣ «ተዘዋዋሪ የእንስሳት ሀብት ማስተላለፊያ ሥርዓት» ብዬ ጻፍኩ። ቀበሌ ላይ ሰብስቤ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከግድግዳው ጥግ ሆነው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩ እማማ ቀና አሉና «ርቢ ነው የምትይን?» አሉኝ።

ርቢ ነው እንጂ! መንዝ ውስጥ በግ ለሌለው ለርቢ መስጠት ጥንትም አለ። አንዱ ሴት በግ ይሰጣል፣ ሌላው ያረባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። ደንቡ ይታወቃል። በጓ ብትሞት ቆዳዋን አምጥቶ ማሳየት አለ። ብትሰረቅ ማን ይከፍላል የሚለው አለ። እኔ ሦስት ገጽ የጻፍኩት «የአፈጻጸም መመሪያ» እነሱ ዘንድ በቃል አለ፤ ያውም የተሻለ። ቤቴ ገብቼ ያንን ክፍል ሰረዝኩና በሰዎቹ ደንብ ጻፍኩት። «ርቢ» የሚለውን ቃል እንግሊዝኛው ውስጥም እንዳለ አስገባሁት፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተረጎምኩት። ለጋሹ «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን ያስቀጥለዋል?» ብሎ ለሚጠይቀው የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል? ከፕሮጀክቱ በፊት የነበረ ነገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዋም፣ ጋሼም፣ የቀበሌው ሰውም አንብቦ እንዲያርማችሁ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ አምጡት። ሌላ ወረዳ የደረሰው ጓደኛዬ ሁሉንም ቻትጂፒቲ አስጽፎ አመጣና አብረን ስናነበው መንዝን ቆላ አድርጎታል። ለሰዋስው እርማት ይጠቅማል፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ብርዱን ግን አያውቀውም።

እባካችሁ ደግሞ የችግር መግለጫችሁን «ኢትዮጵያ በምሥራቅ አፍሪካ የምትገኝ አገር ናት» ብላችሁ አትጀምሩ። ለጋሹ ቢሮው ቦሌ ነው። ያውቃል።

በግ የወለደችበት ወርና ሠንጠረዡ

ሎግ ፍሬም የሚባለው ሠንጠረዥ ተማሪን ያስፈራል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። የምትሠሩት ሥራ አለ፤ በግ መግዛት። ከሥራው ወዲያው የሚገኝ አለ፤ ከ107ቱ 60 አረጋውያን ሁለት ሁለት በግ ተረከቡ። ከዚያ የሚመጣ ለውጥ አለ፤ እነዚያ ሰዎች የጤና መድህን መዋጯቸውን በራሳቸው ከፈሉ፣ ወይም ክረምትን ሳይበደሩ አለፉ። ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እየደባለቀ ነው። «60 ሰዎች በግ ተቀበሉ» ለውጥ አይደለም፤ ርክክብ ነው። ራሳችሁን «በጉን ሰጠናቸው፣ ከዚያስ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከዚያስ» የሚለው መልስ ለውጡ ነው።

መለኪያ ስትጽፉ ማን እንደሚለካው፣ ከየትኛው ወረቀት እንደሚያገኘው አብራችሁ ጻፉ። የጤና መድህን መዋጮን የመረጥነው ደረሰኙ ስላለ ነው። «ኑሯቸው ተሻሻለ» ለሚል ደረሰኝ የለም።

ጊዜውንም ከእንስሳው ጋር አስሉት። ጥሪው 12 ወር ይላል። በግ 5 ወር ታረግዛለች። ገና ግልገል የሆነች ገዝታችሁ ብትሰጡ ዓመቱ ሳይበቃ አትወልድም፤ ለሁለተኛው ቤተሰብ የሚተላለፍም አይኖርም። ስለዚህ የደረሰች ወይም ያረገዘች በግ መግዛት አለባችሁ። ዋጋዋ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በመንዝ በግ ላይ ለዓመታት የሠራ ነው። ለስንት ሴት በግ ስንት አውራ እንደሚያስፈልግ ከእንስሳት ባለሙያው ጠይቀን ለ120 በግ 6 አውራ አስገባን። እኔማ አውራውን ጭራሽ ረስቼው ነበር። ሶሲዮሎጂ ነው የተማርኩት።

በጀት፣ ወይም ዐቢይ ጾም የሠራኝ ሥራ

የበጉን ዋጋ የጠየቅሁት መጋቢት ላይ ነው። ሦስት ነጋዴ ጠየቅሁ፤ ፕሮፎርማ የሚሰጥ የበግ ነጋዴ ስለሌለ የገበያ ዋጋ ጥናት ብለን በቃለ ጉባኤ ያዝነው። ለርቢ የምትሆን በግ 5,500 ብር። 120 በግ፣ 660,000 ብር። አስገባሁት፤ ኮራሁ።

ዐቢይ ጾም መሆኑን ማን ያስታውሰኝ! ያን ዓመት ጾሙ የካቲት 17 ገብቷል። በጾም በግ ማን ይበላል? ዋጋው ወርዶ ነው ያገኘሁት። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት ገበያ ስወጣ ያችው በግ 7,500 ሆናለች። ልዩነቱ በ120 ሲባዛ 240,000 ብር ነው። በጀቱ በመጀመሪያው ዋጋ ቢጸድቅ ኖሮ 60 ብለን ለ44 ሰው ብቻ ነበር የምንሰጠው።

ስለዚህ ለእንስሳም ሆነ ለእህል የጾምና የፍስክ፣ የመኸርና የክረምት ዋጋ ያዙ። ግዢው በየትኛው ወር እንደሚሆን ወስናችሁ የዚያን ወር ዋጋ ተጠቀሙ። ለዶላር ወይም ለዩሮ በጀት ደግሞ የመነዘራችሁበትን ቀንና ምንዛሬ ከሥር ጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የድሮ ፕሮፖዛል ላይ ያለ ምንዛሬ መቅዳት ራስን መጉዳት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች ላይ ለተዘዋዋሪ ወጪ፣ ማለትም ለድርጅቱ አጠቃላይ ማስኬጃ፣ የሚፈቀደው እስከ 7 በመቶ መሆኑንም ያዙ፤ ሌላ ለጋሽ ሌላ ሕግ አለው። የሚረሱ ወጪዎችን ልንገራችሁ፤ የበጎቹ ማጓጓዣ፣ ክትባት፣ የጆሮ ምልክት፣ የቀበሌ ስብሰባ ሻይ። የሻዩን ጋሼ ናቸው ያስገቡት። «ባዶ ሆድ የሚሰበሰብ የለም» ብለው።

የበጀት ዓመት ነገርም አለ። ወረዳው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቆጥራል፤ ለጋሹ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ጥር ጀምሮ በፈረንጅ ታኅሣሥ ይዘጋል። ግዢያችሁን ሰኔ መጨረሻ ላይ አታድርጉ። ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ሲዘጋ ማንም ማንንም አያይም።

ሰዓቱ

ይሄን ለመናገር አፍራለሁ። የመጀመሪያው ጥሪያችን መዝጊያ 12:00 ይላል። እኔ «12 ሰዓት ነው፣ እስከ ማታ ጊዜ አለን» አልኩ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማኅተም ስንጠብቅ ዋልን። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ልጭን ስከፍተው ተዘግቷል። የፈረንጅ 12:00 እኮ የኛ 6 ሰዓት ነው። ቀትር! የሁለት ወር ሥራ።

ኃላፊዋ አልተቆጡኝም። «የኛም ስህተት ነው፣ አንቺን ብቻ አስቀምጠን» አሉ። ይባስ አስለቀሰኝ። ጋሼ ያንን ወረቀት መሳቢያቸው ውስጥ፣ ከድሮዎቹ ጋር አጣጥፈው አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ ጥሪ ሳገኝ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ገልብጬ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። የማን አገር ሰዓት እንደሆነም አጣራለሁ። ለራሴ የምሰጠው ቀን ደግሞ ከእውነተኛው በአምስት ቀን የሚቀድም ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ማኅተም የያዘው ሰው ለቅሶ ይሄዳል። የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ረቂቁ ሳያልቅ ጀምሩ፤ ከወረዳ አስተዳደር፣ ከገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ከእንስሳት ጽሕፈት ቤት። እነሱ ናቸው የሚያዘገዩት። በስልክ ስካን ስታደርጉ ፋይሉ እንዳይከብድ አሳንሱት።

ያው ፕሮፖዛል ሥራው አልጠፋም። በሚያዝያ መጨረሻ ሌላ ድርጅት የራሱን ጥሪ ሲያዘጋጅ እንደ አጋር አስገባን። ሁለት ገጽ ኮንሰፕት ኖት (የሐሳቡ አጭር መግለጫ) ብቻ ነበር የጠየቁት። 107ቱን ቁጥርና ርቢን ይዞ ገባ፤ የመጀመሪያውን ዙር አለፈ።

ስትወጡ

ልምምዱ ሲያልቅ ሁሉም የሚያደርገው ሪፖርቱን ለትምህርት ክፍሉ አስገብቶ መሄድ ነው። እባካችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ማህደር ትታችሁ ውጡ። የተጣራው ስም ዝርዝር፣ የዋጋ ጥናቱ፣ የአማርኛው ረቂቅ፣ የእንግሊዝኛው፣ የድጋፍ ደብዳቤዎቹ ቅጂ፣ ጥሪ የሚያወጡ ድርጅቶች ዝርዝር። በወረቀትም በፍላሽም። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተለማማጅ ጥቁሩን መዝገብ ይዞ እንደገና 214 ብሎ እንዳይጀምር።

የስም ዝርዝሩን ግን ዝም ብላችሁ አታሰራጩት። የሰው ድህነት፣ ሕመም፣ የልጁ መጥፋት ሁሉ ተጽፎበታል። ፕሮፖዛል ላይ ቁጥር ብቻ ይበቃል፤ ፎቶም ካለ ባለቤቱን አስፈቅዱ። እኔ ኤክሴሉን በፓስዎርድ ቆልፌው ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ ጋሼ ደወሉ። ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ዝናብ ነው፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። ድርጅቱ ዝርዝሩን ጠይቋል፤ ፍላሹ ይከፈታል፤ ፋይሉ አይከፈትም። «ልጄ፣ ቁልፉ ምንድን ነው?» አሉኝ። እኔም ረስቼዋለሁ። የልምምድ ደብተሬን ግማሽ ሰዓት ስፈልግ ቆይቼ በጀርባው ሽፋን ላይ፣ ከእማማ የሰማሁትን የርቢ ደንብ የጻፍኩበት ገጽ አጠገብ አገኘሁት። እናንተ ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ፣ ለኃላፊዋ በፊርማ አስረክቡ።